የራት ሰዓት ጃዝ

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ? ከድሬዳዋ ነው የማወራችሁ። ድምፁ ማይኩ ውስጥ ስለሚገባ ቬንትሌተሩን አጥፍቼዋለሁ። ስለዚህ ላቤን እየጠረግኩ ነው የምቀዳው፣ ታገሱኝ።

ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ "የጃዝ ድራመር ነኝ" እላለሁ። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ያው ነው፤ "የት ነው የምትጫወተው?" ድሬ ውስጥ በየሳምንቱ ጃዝ የሚጫወትበት ቤት እኔ አላውቅም። ስለዚህ መልሴ "ሠርግ ላይ፣ ራት ሲበላ" ነው። ይስቃሉ። ቀልድ የሚመስላቸው አሉ። እኔ ግን የምሬን ነው። ዛሬ የማወራችሁም ስለዚችው የራት ሰዓት ነው። እስክንደርስባት ግን ትንሽ ዞር ዞር እንላለን።

ድራም ሴት የሚባለው ሙሉው የድራም ስብስብ ፊት የተቀመጥኩት ዘግይቼ ነው። ምት ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ድሬ ላይ ያደገ ልጅ ጆሮው ሥራ አይፈታም። ጥምቀት ሲመጣ የሰንበት ተማሪዎቹ ከበሮ አለ። ቆዳው እንዲወጠር ከበሮውን ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፤ በድሬ ፀሐይ ደግሞ ብዙ መጠበቅ የለም። ሐረሪ ጎረቤቶቻችን ጋ ዚክሪ የሚሉት መንፈሳዊ ዜማ አለ። ካራቡ የሚሉት ከበሮ ይመታል፣ ከበል የሚሉት የእንጨት ማጨብጨቢያ አብሮት ይንኳኳል። የኦሮሞ ሠርግ ከሆነ ሸጎዬ ነው፣ የሶማሌ ከሆነ ዳንቶ። ቴፑ ላይ ዓሊ ቢራ አለ። ዓሊ የዚሁ ከተማ ልጅ ነው፤ የተነሳበት አፍራን ቀሎም በ1950ዎቹ እዚሁ ድሬ የተመሠረተ ቡድን ነው። አንዳንዱ "ድሬ ላይ ሙዚቃ የት ተማርክ?" ይለኛል። አቦ፣ የት ያልተማርኩት አለ!

በሥርዓት ያስተማሩኝ ግን ጡረታ የወጡ የጦር ሠራዊት ባንድ ድራመር ናቸው። ጋሼ ነበር የምላቸው። ስማቸው እንዲነሳ ስለማይወዱ አላነሳውም። ቤታቸው ድራም የሚባል ነገር አልነበረም። ሣንቃ ላይ የከመነዳሪ ቁራጭ ወጥረው፣ ዳር ዳሩን በሚስማር መትተው ሰጡኝ። የተማርኩት እሱ ላይ ነው። ጥሩነቱ አይጮህም። ከሰዓት በኋላ ድሬ ወይ ይተኛል ወይ ይቅማል፤ በዚያ ሰዓት ድራም የሚደበድብ ልጅ ሰፈር ውስጥ አያስቀምጡትም።

"ቀኝ ግራ ቀኝ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ግራ ግራ።" ይሄ ፓራዲድል ይባላል። ድራመሮች ሩዲመንት ከሚሏቸው 40 መሠረታዊ አመታቶች አንዱ ነው። የብዙዎቹ ሥር የወታደር ከበሮ ስለሆነ ጋሼ በእንቅልፍ ልባቸውም ያውቋቸዋል። መደቡ ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ግራ እጄ ከቀኙ ትንሽ ካነሰ "አነከሰ" ይላሉ። ሌላ ነገር አይጨምሩም። እንደገና መጀመር ነው።

"ጋሼ፣ ድራሙ ላይ መቼ ነው የምቀመጠው?"

"ግራህ ይሁን ቀኝህ መለየት ሲያቅተኝ።"

ዓይናቸውን የሚጨፍኑት ለዚህ እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ጃዝን ያገኘሁት አዲስ አበባ ከወጣሁ በኋላ ነው። ጣይቱ ሆቴል ውስጥ ጃዝአምባ የሚባል ቤት ነበር። በ2007 ዓ.ም. ጥር ላይ በእሳት ወደመ እንጂ። ከኋላ ቆሜ የድራመሩን ቀኝ እጅ ብቻ የማይበት ጊዜ ብዙ ነበር። የጋሼ ትምህርት በእግር የሚመታውን ትልቁን ቤዝ ድራም፣ እግርን፣ ምድር ምድሩን ነው። ሰልፈኛ የሚያስኬድ ምት ነዋ። ጃዝ ላይ ግን ምቱ ላይ ላዩን ነው የሚሄደው፣ ራይድ ሲምባሉ ላይ፣ ያ ሰፊው የብረት ሳህን ላይ። ድሮ ጃዝም እንደዚያ አልነበረም አሉ። ኬኒ ክላርክ የሚባል አሜሪካዊ ድራመር እ.ኤ.አ. በ1940 አካባቢ ነው ዋናውን ምት ከእግሩ አንስቶ ራይዱ ላይ ያወጣው። እግሩ ከዘበኝነት ወጣ። ካስፈለገው ብቻ፣ ባልታሰበ ቦታ ዱም ያደርጋል። ግራ እጁም እንደዚያው ነፃ ሆነ። ቢቦፕ የሚባለው ፈጣኑ ጃዝ ያለዚህ የሚታሰብ አይመስለኝም።

እስቲ አሁን ያላችሁበት ቦታ ጭናችሁን መታ መታ አድርጉ። አንዱን ምት ለሦስት ክፈሉት። የመጀመሪያውንና ሦስተኛውን ምቱ፣ መሃለኛውን ዝለሉት። ስዊንግ የሚባለው ነገር መሠረቱ ይሄ ነው። አሁን ጭክጭካን አስቡ። እሱም ሦስት ሦስቱን ነው የሚሄደው፤ በኖታ ሲጻፍ 6/8 ነው። ስለዚህ አብረውኝ የሚማሩት ልጆች ሦስቱን ለመያዝ ሲለፉ እኔ ጋ ቁጭ ብሎ ነበር የጠበቀኝ። ያስቸገረኝ ሌላው ነው። ስዊንግ ላይ ሃይ ሃቱ፣ ያ በእግር የሚከፈትና የሚዘጋው ጥንድ ሲምባል፣ በግራ እግር የሚዘጋው ሁለተኛውና አራተኛው ምት ላይ ነው። የኔ ግራ እግር ደግሞ አንድ ላይ ካልረገጠ አያርፍም። ጉልበቴን በእጄ እየያዝኩ ነው ያስተማርኩት ብላችሁ ታምናላችሁ? ወላሂ።

ያኔ ቀን ከሌት የምሰማው ድራመሩን ኤልቪን ጆንስን ነው፣ ከሳክስፎኒስቱ ጆን ኮልትሬን ጋር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተጫወተውን። ሦስቱን ምት ፊቱ ያለችው ትንሿ ድራም ስኔሩ ላይ፣ ሌሎቹ ድራሞች ቶሙ ላይ፣ እግሩ ላይ እየበታተነ ያዞረዋል። መጀመሪያ ሲሰማ ትርምስ ነው። ጭክጭካ ያደገበት ሰው ግን ቶሎ የሚወደው ይመስለኛል። ሌላው ድራመር ቶኒ ዊልያምስ ደግሞ በ17 ዓመቱ ነው የመለከተኛው ማይልስ ዴቪስ ባንድ የገባው፣ እ.ኤ.አ. በ1963። እኔ በ17 ዓመቴ ከመነዳሪ እየመታሁ ነበር። እንግዲህ እንደየዕድላችን ነው።

ስለ ሲምባል ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር። ዚልጂያን የሚል ስም ያለበት ሲምባል አይታችሁ ይሆናል። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1623 ቁስጥንጥንያ ላይ የጀመረ የአርመን ቤተሰብ ነው። እኛም አገር ዘመናዊ ባንድ ሲነሳ አርመኖች አይቀሩም። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባዎቹ ወላጅ አልባ ልጆች አሉ፤ የሙዚቃ አለቃቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። ድሬና ሐረርም ብዙ አርመን ነጋዴ ኖሮባቸዋል። ይህን ሁሉ የማወራው ጃዝ ድራም "የፈረንጅ ነገር" ነው ለሚሉኝ ነው። የአሜሪካ ጥቁሮች የሠሩትን ሙዚቃ፣ በአርመን ሲምባል፣ የድሬ ልጅ ይመታዋል። ፈረንጁ የቱ ጋ ነው?

ወደ ድሬ የተመለስኩት እናቴ ብቻዋን ስለሆነች ነው። በዚህ አልጸጸትም፣ ስለዚህ አላስረዝመውም። ስመለስ ግን ሥራው ተለውጦ ጠበቀኝ። አንድ ኪቦርድ ያለው ሰው ብቻውን ባንድ ሆኗል። አንድ ቁልፍ ይጫናል፣ ድራሙም ቤዙም ይመጣል። ነገሩ ዛሬ የመጣ አይደለም። በደርግ ጊዜ የሰዓት እላፊው የማታውን ሥራ አቀጨጨው፣ ከዚያ ኪቦርዱ መጣና ትልልቆቹ ባንዶች ሳሱ። በቅርቡ አንድ ሠርግ አዘጋጅ እኔው ፊት "ድራሙ የግድ ነው?" ብሎ ባንድ መሪያችንን ጠየቀው። ሰውየው ክፋት የለውም። ድራም ቦታ ይይዛል፣ መኪና ይፈልጋል። መጀመሪያ የሚደርስ ድራመር ነው፣ መጨረሻ የሚወጣም እሱ ነው። ሐረር ሥራ ካለን ድራሙን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስረን የደንገጎን ዳገት እንወጣለን። በየመታጠፊያው "ቤዝ ድራሙ አለ?" እያልኩ አንገቴን አወጣለሁ። ዕቃው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የተከራየነው ነው።

ቢሆንም የግድ ነው እላለሁ። ሙሽሮቹ ሊገቡ ሲሉ የሙሽሪት ቬል በር ላይ ይያዛል። ድምፃዊው ግጥሙን ያስረዝማል። ቁልፉ ይሄን አያውቅም፣ በጀመረበት ፍጥነት ይነጉዳል። ድራመር ግን በሩን እያየ ነው የሚመታው። ቬሉ እስኪለቀቅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያቆየዋል፣ እግሯ ሲገባ ክራሽ የሚባለውን ሲምባል ጮክ አድርጎ ይሰጣታል።

አሁን ወደ ራቱ። ቡፌው ሲከፈት ድምፃዊው ሊበላ ይወርዳል። መድረኩ ላይ የምንቀረው እኛ ነን፤ የኛ ራት በኋላ ነው። ኪቦርዱ፣ ቤዙ፣ ከተገኘ ሳክስፎን፣ እና እኔ። የሚጨፍር የለም፣ የሚያዝዝም የለም። ይሄኔ ኪቦርዲስቱ ቀስ ብሎ ትዝታ ማይነር ይጀምራል። ወይ ባቲ። ዜማውን አንድ ጊዜ ካልን በኋላ እንለቀዋለን፤ እያንዳንዱ ተራውን እየጠበቀ የራሱን ይላል። ቅኝቶቻችንን ከጃዝ ጋር ማዋሐድን ሙላቱ አስታጥቄ አሳይተውናል። ለንደን ተምረው፣ ቦስተን በርክሊ ገብተው፣ ኒው ዮርክ ሠርተው ይዘውት የመጡት ነገር ነው። እኛ ደግሞ ጥብስ እየሸተተን እንጫወተዋለን።

በዚያ ሰዓት ስቲክ አይሆንም። ሰው "ሚጥሚጣውን አቀብለኝ" ሲል መጮህ የለበትም። ብሩሽ ነው የምይዘው፣ ያን የሽቦ መጥረጊያ የሚመስለውን። ብሩሽ ግን ሸካራ ነገር ይፈልጋል። ኪራይ ድራም ላይ የሚገጠመው ቆዳ ብዙ ጊዜ ለስላሳው ፕላስቲክ ነው፣ ብሩሹን ያንሸራትተዋል እንጂ ድምፅ አይሰጥም። ስለዚህ ቦርሳዬ ውስጥ ጋዜጣና ፕላስተር አይጠፋም። አንዱን ገጽ አጥፌ ስኔሩ ላይ እለጥፈዋለሁ። ሽሽ፣ ሽሽ ይላል፣ ደረቅ ያለ ጥሩ ድምፅ አለው። ግራ እጄ ክብ ይሠራል፣ ቀኜ ከላዩ ስዊንጉን ይነካካል። የጋሼ "አነከሰ" በደንብ የሚሰማኝ እዚህ ላይ ነው። ጮክ ብሎ ሲመታ ብዙ ጉድ ይሸፈናል። በብሩሽ መሸፈኛ የለም።

አንድ ምሽት መድረኩ አጠገብ የተቀመጡ ሐረሪ አባት ነበሩ፣ ኮፊያ ያደረጉ። ከሰው ጋር እያወሩ ነው፣ ወደኛ አያዩም። ጣታቸው ግን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ይመታል። ከኛ ጋር አይገጥምም፤ ግን አይጋጭምም። የካራቡ አመታት ነው። እኛ አራት ስንቆጥር እሳቸው በሌላ አከፋፈል ይሄዳሉ፣ ዙሪያው ሲያልቅ አንድ ቦታ ላይ እንገናኛለን። ቀኝ እጄን ወደሳቸው አመጣሁት፣ ግራ እግሬን ሁለትና አራት ላይ ተውኩት። ቤዚስቱ ዞር ብሎ "ምን እያደረግክ ነው?" ዓይነት አየኝ፣ ከዚያ ገባውና ተከተለኝ። ሰውየው ጣታቸውን አቁመው ቀና አሉ። እንደገና ቀጠሉ። እስከ ቡና ድረስ እንዲሁ ሄድን።

ከዚያ ምሽት ወዲህ ያ አመታት ከእጄ አልወጣም፣ አሁንም ባቲ ስንጫወት አስገባዋለሁ። በክለብ ውስጥ ቢሆን አድማጩ ወደ መድረክ ዞሮ ይሰማል፣ ያጨበጭባል። የራት ሰዓት እንደዚያ አይደለም። የተሰማህ መሆንህን የምታውቀው በጣት፣ በእግር፣ ሹካው አፍ ሳይደርስ ሲቆም ነው። እውነቱን ለመናገር እኔ ይሄኛውን እመርጣለሁ። ጭብጨባ ለስህተትም ይጨበጨባል።

ኑሮው? ሥራ የሚበዛው ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም፣ ከዚያ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ነው። ረመዳን ሲገባ ሙስሊሙ ጋ ሠርግ አይኖርም። ሁለቱ ጾሞች ከተደራረቡ ባጃጄን ነው የማሽከረክረው። ይበቃል እሱ።

ከመዝጋቴ በፊት፣ አንድ አባት "ልጄ ድራም ካልገዛህልኝ እያለኝ ነው፣ ምን ላድርግ?" ብለው ጽፈውልኛል። አባቴ፣ ድራም ሴት አይግዙለት፣ ገና ነው። ጥንድ ስቲክ ይግዙለትና ሣንቃ ላይ ጎማ ይወጥሩለት። ግራ እጁ እስኪስተካከል እሱ ይበቃዋል። ድራም ላይ የተቀመጠ ቀን ደግሞ የጆሮ መሸፈኛ አይርሱ፤ የተጎዳ ጆሮ አይመለስም። እኔ የምጫወትበት ሠርግ ከተጠራችሁም ይዘውት ይምጡ። ፊት ለፊት አያስቀምጡት፣ በኔ በግራ በኩል ይሁን። ከዚያ ሃይ ሃቱን የምረግጥበት እግር ይታየዋል። እና እባክዎ ራቱ ሳይነሳ ድረሱ።

በሉ፣ ቬንትሌተሬን ልክፈት። ቻው።