ሰው የሚያከብረውን ጠይቀን እንጀምር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ እድሮቻችሁን ወክላችሁ የመጣችሁ ሁሉ፣ በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች፣ እንኳን ደኅና መጣችሁ።

ክረምቱ ደርሷል። ችግኙም ቲሸርቱም እየተዘጋጀ ነው። እኔ ግን ሥራው ሳይጀመር አንድ ነገር ላነሳላችሁ እፈልጋለሁ። ዘመቻ ስናቅድ የአካባቢው ባህል ትዝ የሚለን መጨረሻ ላይ ነው። ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ የባህል ሙዚቃ እንጨምራለን፣ ሽማግሌ ጠርተን እናስመርቃለን። በቃ። ያሳዝነኛል። ሽማግሌው ሊመርቅ ሳይሆን ሊመክር መጠራት ነበረበት።

ደቡብ ጎንደርን ከአውሮፕላን ያያችሁ ታውቁታላችሁ። መሬቱ እርሻና ግጦሽ ነው። መሀል መሀል ላይ ግን ክብ ክብ የሆነ አረንጓዴ ይታያል፤ በእያንዳንዱ መሀል ቤተ ክርስቲያን አለ። ወይራው፣ ጥዱ፣ ዝግባው ከሌላው ቦታ ተመንጥሮ እዚያ ተርፏል። ምእመናኑ ዛፉ የቤተ ክርስቲያኗ ልብስ ነው ብለው ያምናሉ። መጥረቢያ ይዞ እዚያ መግባት ነውር ነው፤ ሰው ይፈራል።

እንዲያም ሆኖ ደኑ ከዳር ከዳር እየተበላ ነበር። ከብት ገብቶ ቡቃያውን ይግጣል፣ ይረግጣል። እርሻውም ቀስ እያለ ይጠጋል። የደን ተመራማሪው ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ እና አሜሪካዊቷ ሳይንቲስት ሜግ ሎውማን ካህናቱን ሰብስበው ደኑን ከሰማይ የሚያሳይ ምስል አሳዩአቸው። የደኑን መሳሳት ካህናቱ በዓይናቸው አዩት። ከዚያ የድንጋይ ካብ መካብ ተጀመረ። ድንጋዩ ከገበሬው ማሳ ተለቀመ። ማሳው ለማረሻ ተመቸ፣ ከብቱ ከካቡ ውጭ ቀረ፣ ውስጥ ያለው ቡቃያ ቀና አለ። ለዚህ ሁሉ ለገበሬው አዲስ እምነት መስበክ አላስፈለገም፤ የነበረውን ማጠር በቂ ሆነ።

አንድ ነገር ግን ልደብቃችሁ አልፈልግም። አንዳንድ ደብር ቅጥር ውስጥ ባሕር ዛፍ እየገባ ነው። ደብሩም ገቢ ያስፈልገዋል። የካህናቱን ጓዳ ሳናይ ስለ አገር በቀል ዛፍ ብናወራ ማን ይሰማናል?

“ባህል ሁሉ ጥሩ ነው ወይ?” ትሉኝ ይሆናል። በጭራሽ። በከምባታ ሴት ልጅ የምትገረዘው በባህል ስም ነበር። ዶ/ር ቦጋለች ገብሬ ራሳቸው ይህ ደርሶባቸዋል። ውጭ ተምረው ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ1997 ከእህታቸው ከፍቅርተ ጋር ኬኤምጂ የተባለውን፣ ለከምባታ ሴቶች የቆመውን ድርጅት መሠረቱ። ሕዝቡ ግን በቅድሚያ የጠየቃቸው ድልድይ ነበር፤ ልጁ ወደ ትምህርት ቤት፣ ሰው ወደ ገበያ የሚሻገርበት። ድልድዩ ተሠራ። ሰው የከበደውን ጉዳይ ለመስማት የተቀመጠው ከዚያ በኋላ ነው። ሽማግሌው፣ ወጣቱ፣ እናቶቹ በአንድ ላይ ተቀምጠው ተወያዩ።

እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ ያልተገረዘች ሙሽራ በሺዎች ፊት ተዳረች። “አልተገረዝኩም፣ ከእኔ ተማሩ” የሚል ጽሑፍ ደረቷ ላይ ነበር። ሙሽራውም ያልተገረዘች በማግባቱ ደስተኛ መሆኑን በጽሑፍ ይዞ ቆሟል። ሠርጉ ለምን እንደተመረጠ አስቡት። ግርዛቱን ካቆዩት ነገሮች አንዱ “ያልተገረዘች ባል አታገኝም” የሚለው ፍርሃት ነው። ይህን ፍርሃት ከሠርግ በላይ ምን ያፈርሰዋል? ስብሰባና ፖስተር ብቻውን አይችለውም። ባህሉን ያረመው ያው የባህሉ መድረክ ነው። እኔ እነዚህን ሴቶች ሳስብ ኩራት ይሰማኛል።

እናም ዘንድሮ የምለምናችሁ ይህን ነው። ጉድጓድ ከመቆፈራችን በፊት እድሩ በሚሰበሰብበት ቀን ሄደን እንቀመጥ። ሽምግልና የሚቀመጠው የትኛው ዛፍ ሥር ነው? ጠበል የሚባለው የትኛው ምንጭ ነው? ቅርንጫፍ እንኳ የማይቆረጥበት ቦታ አለ? ከሁሉ በፊት ደግሞ ምን ቸገራችሁ? እያልን እንጠይቅ። የሚተከለውን ዛፍ ዓይነትና ቦታውን እነሱ ይምረጡ። “ባሕር ዛፍ ይሻለናል” ካሉም አንቆጣ፤ ለምን እንደሆነ እንስማ። ችግኙን የሚጠብቀውም ከእድሩ የተመረጠ ሰው ይሁን።

የእድር ሰብሳቢዎች፣ መዝገቡ በሩ ጋ ተቀምጧል። ከመሄዳችሁ በፊት የስብሰባ ቀናችሁን አስመዝግቡልን። ወጣቶቹ ይመጣሉ፤ እባካችሁ ተቀበሏቸው።

አመሰግናለሁ።