አልወጣም

እሺ፣ ሰላም ናችሁ። ብረት እንዲመስል ከፎም የምሠራውን ጥሩር፣ ማለቴ ለብሼው የምወጣውን የጦር ልብስ፣ ታውቁታላችሁ። ዛሬ ስለ ሄልሜቱ ላወራ ነበር ያሰብኩት። ቃል ገብቼላችሁ ነበር፣ አውቃለሁ። ግን አንድ ነገር ውስጤ እየተመላለሰ አላስቀምጥ አለኝ። እሱን ሳልተነፍስ ሌላ ነገር ማውራት አልቻልኩም። የጥሩሩ የግራ ትከሻ እንዴት ናት ለምትሉኝ፣ ደህና ናት፣ ይዛለች። አሁን ጉዳዩ ደረቱ ነው።

ጋሼ መጥተው አዩት።

እንዲህ ሲባል ምንም አይመስልም። ቆይ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ።

ማስረጀቱ ላይ ነበርኩ፣ አዲሱን ጥሩር ያረጀና የተጠቀሙበት ማስመሰሉ ላይ። ግንባታው አልቋል። ፎሙ ተቆርጦ፣ በሂት ጋን፣ በዛ ሙቅ አየር በሚነፋው መሣሪያ፣ ቅርጹን ይዞ፣ በማስቲሽ ተጣብቆ፣ መጋጠሚያው ሁሉ ተሞልቶ በብርጭቆ ወረቀት ተስተካክሏል። ከዛ የሚለጠጥ ማሸጊያ ቀባሁት። ፎም ይተጣጠፋል፣ ማሸጊያው አብሮት ካልተለጠጠ ቀለሙ መጀመሪያ በታጠፈበት ቀን ይሰነጣጠቃል። ከላዩ ብርማ ቀለም፣ ከብርማው ላይ ያ አረንጓዴ። አረንጓዴውን ከመርጨቴ በፊት ጠርዝ ጠርዙን በጥርስ ሳሙና ነካ ነካ አድርጌው ነበር። ቀለሙ ሲደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ስትጠርጉት ሳሙናው አረንጓዴውን ይዞት ይነሳና ብርማው ብቅ ይላል። ያቺን ቅጽበት በጣም ነው የምወዳት። ፎም የነበረው ነገር ዓይናችሁ እያየ ብረት ይሆናል። ስታነሱት ራሱ የከበደ ይመስላችኋል።

ሁሌ የምላትን ታውቃላችሁ፣ «ምን ነካው?» ለእያንዳንዷ ጭረት መልስ ሊኖር ይገባል። ክንድ ሲወዛወዝ የደረቱን ጎን ይፈትጋል፣ ስለዚህ እዛ ቀለሙ ይሳሳል። ጉልበት መሬት ይነካል። ማሰሪያው የሚያልፍበት ቦታ ያብረቀርቃል። ቆሻሻ ደግሞ የሚሸሸገው እጅ የማይደርስበት ስንጥቅ ውስጥ ነው፣ ለዚህ ነው ጥቁር አክሪሊክ በውሃ አቅጥነን ቀብተን ወዲያው ከላዩ የምንጠርገው፤ ስንጥቁ ውስጥ የገባው ይቀራል። የፈሰሰ ነገር ሁሉ ወደ ታች ነው የሚወርደው። ወደ ጎን የሄደ የዘይት ምልክት ካያችሁ ሰውየው ተኝቶ ነበር ማለት ነው።

ዝገት ይቀባበት አይቀባበት በሚለው ላይ ከብዙዎቻችሁ ጋር እንዳልተስማማን አለን። አሁንም አቋሜ ያው ነው። ቀይ ዝገት የብረት ነው። አሉሚኒየም እንደዛ አይዝግም፣ ቢበዛ ነጣ ያለ ዱቄት ያወጣል። መዳብ ይዞ የሚመጣው አረንጓዴ ነው። የኔ ሰውዬ፣ ጥሩሩ የሱ ነው ብዬ የማስበው፣ የለበሰው ብረት ከዋክብት መሃል የሚመላለስ ከሆነ ለምንድን ነው እንደ አሮጌ በር የሚዝገው? እርግጥ እ.ኤ.አ. በ1977 ስታር ዋርስ የሚባለው የጠፈር ፊልም ወጥቶ መርከብም መሣሪያም ሁሉ የተጠቀሙበትና የቆሸሸ ሆኖ ሲታይ ነው መጪው ዘመን አርጅቶ ሲያዩት ሰዎች ይበልጥ ያመኑት፣ ይሄንን አልክድም፣ እኔም እዚህ የገባሁት በዛ በር ነው፣ ግን አርጅቶ ማለት ዝጎ ማለት... ተውት። ዛሬ እሱ አይደለም ጉዳዩ።

ደረቱ ላይ የመመታት ምልክት ሠርቻለሁ። ከግራ በኩል፣ ከአንገት አጥንቱ ዝቅ ብሎ። ፎሙን በምላጭ እንደ ስርጉድ አድርጌ ፈለፈልኩት፣ ከዛ ጠርዙ እንዲኮማተር በሂት ጋን አሞቅሁት። መሃሉ ድፍን ጥቁር ነው። ወደ ዳር እየሳሳ ቡናማ፣ ከዛ ግራጫ ይሆናል። ከዛ የእርሳስ ግራፋይት ፈጭቼ በጣቴ ዙሪያውን አሸሁት፣ ብረት ሲቃጠል የሚያወጣት ያቺ ደብዛዛ ብልጭታ እንድትመጣ። ከሠራኋቸው ሁሉ እንደዛ ያማረልኝ የለም። ቦታውን የመረጥኩት ብርሃን ከጎን ሲመጣ ጥላ ስለሚይዝ ነው። ለዓይን ብዬ።

እና ጋሼ መጡ። ታውቋቸዋላችሁ፣ ሲመጡ ቁጭ ከማለታቸው በፊት ቤቱን አንዴ ይቃኛሉ። ጥሩሩ መቆሚያው ላይ ነበር። ሌላ ሰው ሲያየው መጀመሪያ «ይሄ ምንድን ነው?» ይላል፣ ከዛ ስልኩን ያወጣል። እሳቸው ምንም አላሉም። ፊት ለፊቱ ቆሙ። ዝም ብለው አዩት። ከዛ ዞረው ወደ ኋላው ሄዱ።

እኔ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ! ኋላ ያሉትን ማሰሪያዎች ሊያዩልኝ መስሎኝ። ማንም አይቷቸው አያውቅም፣ እና ስለ መቆለፊያው ማስረዳት ጀመርኩ፣ ይሄ እንዲህ ይገባል፣ ያ እንዲያ ይጠብቃል። ጎንበስ ብለው ጀርባውን በእጃቸው መዳፍ ዳሰሱት። ከላይ እስከ ታች። ተመልሰው ወደ ፊት መጡ። አውራ ጣታቸውን አነሱና እዛ ጥቁሩ መሃል ከተቱት። ልክክ አለ።

«አልወጣም» አሉ።

እኔ ጣታቸው የተያዘ መሰለኝ። የምሬን ነው። «ቆይ ጋሼ፣ ቀስ ብለው ያውጡት» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። ፈገግ አሉ መሰለኝ፣ እርግጠኛ አይደለሁም። ጣታቸውን አወጡና ግራፋይቱን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉት። «ጎሽ የኔ ልጅ፣ ጥሩ እጅ አለሽ» አሉኝ። ውሃ ጠየቁ፣ ጠጡ። ስለ ሌላ ነገር አወራን፣ ስለ እህቴ፣ ስለ ጉልበታቸው። ሄዱ።

ማታ መብራት ላጠፋ ስል ነው የገባኝ። ወደ ኋላ የዞሩት ማሰሪያ ሊያዩ አይደለም። የገባው ነገር በጀርባ በኩል ወጥቶ እንደሆነ ነው ያዩት።

ወታደር እንደነበሩ ሰምታችኋል፣ ነግሬያችኋለሁ። ከዛ በላይ እኔም አላውቅም። አይናገሩም፣ እኛም አንጠይቅም። እና «አልወጣም» ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ ምንም አልነበረም። ሐዘንም፣ ድንጋጤም። እንደ ሥራ ነው ያሉት። ይሄ ነው የማይለቀኝ። ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ እንደዛ ዞረው አይተው ይሆን? የማንን ጀርባ? ደግሞ ልክ ናቸው። «ምን ነካው?» የምለው እኔ ነኝ፣ ያቺን ጥያቄ ግን እስከ መጨረሻው የጠየቁት እሳቸው ናቸው። እዛ ቦታ የተመታና ጀርባው ያልተበሳ ሰው... ቆሞ አይሄድም። ታዲያ ይሄንን ጥሩር የለበሰው ማን ነው? ከሞተ ሰው ላይ ያወለቀ? የወንድሙን የወረሰ? እኔ ለብሼው ልወጣ ነው እኮ።

ከዛ እንቅልፍ እምቢ ሲል የእውነተኛ ጥሩሮችን ፎቶ ማየት ጀመርኩ። ፓሪስ ባለው የጦር ሠራዊት ሙዚየም አንድ የደረት ጥሩር አለ። ፍራንሷ አንትዋን ፎቮ የሚባል ወጣት ፈረሰኛ እ.ኤ.አ. በ1815 ዋተርሉ ላይ ለብሶት ነበር። የመድፍ አረር ከፊት ገብታ በኋላ ወጥታለች። ቀዳዳው ወለል ብሎ ይታያል። ፎቶውን ስከፍት መጀመሪያ ያደረግኩት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ጀርባውን ፈለግኩ። እንደ ጋሼ።

ግን ደግሞ ሌላም አለ፣ ይሄኛው ትንሽ አቀለለኝ። በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ጥሩር ሠሪዎች የሠሩትን የደረት ብረት ራሳቸው ይተኩሱበት ነበር። ብረቱ ካልተበሳ ስርጉዱን አይደፍኑትም፣ እንዳለ ይተዉታል። ገዢው እሱን አይቶ ነው የሚያምነው። እና አሰብኩ፣ የኔም እንደዛ ቢሆንስ? መሃሉን በመሙያ ግማሽ ድረስ ከፍ ባደርገው፣ ጥቁሩን ባሳሳው፣ ቀዳዳ መሆኑ ይቀርና ስርጉድ ይሆናል። ማንም አልሞተም። ፋብሪካ ውስጥ የተተኮሰ የሙከራ ጥይት ነው። በቃ።

ያምራል አይደል? ለአንድ ምሽት በጣም አምሮኝ ነበር። ጠዋት ስነሳ ግን የጋሼን ጣት አየሁ፣ ማለቴ እዛ ግራፋይቱ ላይ የቀረውን አሻራ። እና በመሙያ ልደፍነው? ያሉትን እንዳላሉ ላደርገው?

ሌላው ሐሳብ ልጥፍ ነው። ሁለተኛው ባለቤት ቀዳዳውን በሌላ ብረት ደፍኖታል፣ ቀለሙ የማይገጥም፣ ዙሪያውን በብሎን የታሰረ። እንደ ሥራ ካያችሁት ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው፣ ታሪኩም ይቆማል። ቆርጬዋለሁ እንኳ። ጠርዙን አሳስቼ ግራጫ ቀብቼዋለሁ። ማስቲሹን ሁለቱም ላይ ቀብቼ እስኪነጥፍ መጠበቅ ነበር የቀረኝ፣ ጭንብል አድርጌ፣ መስኮት ከፍቼ፣ ሁሉ ነገር ዝግጁ ሆኖ። ማስቲሽ ግን አንዴ ፊት ለፊት ከተነካካ አለቀ፣ ላንሳው አይባልም። ቆርቆሮውን ከደንኩት።

እህቴ «አብዝተሽዋል፣ ፎም ነው» ትላለች። ልክ ልትሆን ትችላለች። ወይም ደግሞ... አላውቅም። ሰው እንዲያምነው ብዬ ነው እኮ ይሄን ሁሉ የምለፋው። አንድ ሰው በሙሉ ልቡ አመነው። ያመነው ሰው ደግሞ እሳቸው ሆኑ።

ለበዓል ተመልሰው ይመጣሉ። እስከዛ ምን እንደማደርገው መወሰን አለብኝ፣ መቆሚያው ያው እዛው ነው፣ ሌላ ቦታ የለኝም። ልሸፍነው? ብሸፍነው የባሰ አይመስልም? ወይስ ቀድሜ ልደውልላቸው። ደውዬስ ምን ልበል፣ «ጋሼ፣ ያን ቀን...» ብዬ...

እሺ። የሄልሜቱን ነገር በሚቀጥለው። የመስታወቱ ቀለም ላይ ጥያቄ የላካችሁልኝ፣ አይቼዋለሁ፣ እመልሳለሁ።