አደይ ዘሯን ትጣል
(ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ውስጥ ለወቅቱ ጎብኚዎች የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ የማዕከሉ ሠራተኞች፣ መምህራን፣ ተማሪዎችና እንግዶች፤ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገራችሁ። ለመስቀልም እንኳን በሰላም አደረሳችሁ።

ስለ ወቅቱ አበቦችና ለጎብኚ ስለሚጠቅሙ ነገሮች ሃያ ደቂቃ እንድናገር ነው የተጠየቅኩት። እሺ ብያለሁ። ግን ታውቁኛላችሁ። እዚህ ከተቀመጣችሁት ብዙዎቻችሁን ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ። ክፍል ውስጥም ከርዕስ መውጣት አመሌ ነበር። ዛሬም ሆዴ ውስጥ የከረመ ነገር አለ፤ ወደሱ መድረሴ አይቀርም።

መጀመሪያ ግዴታዬን ልወጣ። አሁን ግቢው ውስጥ ምን አብቧል? አደይ አለች። ይህን ለመናገር እኔ አላስፈልግም፤ ስትገቡ አይታችኋታል። ግን ከእግሯ ሥር ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ሣሩ መሐል ማገጥ አለ። ቅጠሉ ሦስት ሦስት ነው፣ አበባው ትንሽ ድቡልቡል፣ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ። ሰው ይረግጠዋል እንጂ አያየውም። ከብት ግን ያውቀዋል። አንዱን ሥሩን ብታዩት ትንንሽ እባጮች አሉት። እዚያ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ለተክሉ ያቀብላሉ፣ አፈሩም ከዚያ ይጠቀማል። ማዳበሪያ በነጻ ማለት ነው። የዘንድሮን የማዳበሪያ ዋጋ የሚያውቅ ገበሬ ይህን ሲሰማ ፈገግ ይላል።

ቀጋም አለች። ነጭ፣ አምስት የአበባ ቅጠል ያላት፣ ሽታዋ ደስ የሚል። ከሰሐራ በታች ያለችው ብቸኛ ሀገር በቀል ጽጌረዳ እሷ ናት። ለልደት የምንገዛዛው ቀይ ጽጌረዳ እንግዳ ነው፤ ባለቤቷ ቀጋ ናት። ግን እሾኋ ይቧጭራልና ማንም ፎቶ አብሯት አይነሳም። ለዚህም ነው በሰላም የምትኖረው።

በጋው ሲገፋ ደግሞ ኮሶን ለማየት ተመለሱ። ኮሶን የምናውቀው በምሬቱ ነው። «ኮሶ አጠጣኝ» እንላለን፣ አበባውን ግን አላየነውም። ወንዴውና ሴቴው ለየብቻ ዛፍ ናቸው። እንደ ወይን ዘለላ ቁልቁል የሚንጠለጠለው፣ ቀላ ብሎ የሚያምረው የሴቴዋ ነው። አያቶቻችን ለኮሶ ትል ፈጭተው የጠጡትም የሴቴዋን አበባ ነው።

ግዴታዬን ተወጣሁ መሰለኝ። አሁን ወደ ጉዳዬ።

ያደግኩት ሽሮ ሜዳ ነው። ለአዲስ ዓመት ዋዜማ እኔና እህቴ አደይ ልንለቅም ወደ እንጦጦ ወጣን። ለአበባዮሽ ነው። ስምንት ዓመቴ ቢሆን ነው። እህቴ አንድ አንድ ዘንግ እየቀነጠሰች ትሰበስባለች። እኔ ችኩል ነኝ፤ ጎተት ሳደርገው ከነሥሩ መጣልኝ። ዝናቡ አፈሩን አለስልሶት ነበር። ደስ አለኝ። ይኼማ ይቀላል ብዬ እየነቀልኩ ታቀፍኩት። ቀሚሴ ጭቃ በጭቃ ሆነ። ከእህቴ የበለጠ ይዤ ስለነበር ወደ ቤት የገባሁት እየሮጥኩ ነው።

አያቴ ደጅ ላይ ቄጤማ ታስተካክላለች። ቀና ብላ አየችኝ። አበባውን አላየችም፣ ሥሩን ነው ያየችው። «ይኼን ለማን ልትሰጪ ነው? ለሞተ ሰው ነው?» አለችኝ። ከዚያ አንዱን ወስዳ አገላበጠችውና «እናቲቱን ከነልጆቿ ነው ያመጣሻት» አለች። አልገባኝም። አልተመታሁም፣ ብመታ ይሻለኝ ነበር። የቲማቲም ድልህ የነበረበት ባዶ ጣሳ አመጣች፣ አፈር ሞላችበት፣ አንዷን አደይ ተከለችልኝና «አድኛት» አለች። በሦስተኛው ቀን አንገቷን ደፋች። ውኃ አጠጣኋት። በጥላ አስቀመጥኳት። አልዳነችም። አበባዮሹ አልቆ፣ የተሰጠኝ ሙልሙል ተበልቶ፣ እኔ ግን ጣሳው አጠገብ ተቀምጬ አለቅሳለሁ። ከዚያ በኋላ ብዙ የባዮሎጂ መጽሐፍ አንብቤያለሁ። ያን ጣሳ ያህል ያስተማረኝ የለም።

አሁን ሳይንሱን ልንገራችሁ፣ አጭር ነው። አደይ የምንላት አንድ ዝርያ ብቻ አይደለችም። ባይደንስ የሚባል ወገን አለ፤ ቢጫ አበባ ካላቸው የዚህ ወገን ልጆች ከአንድ በላይ የሆኑትን ነው በአንድ ስም የምንጠራቸው። የተማረው ሰው በብዛት የሚጠራት ባይደንስ ማክሮፕቴራ ብሎ ነው። መስፍን ታደሰ የሚባሉ የእኛው ሀገር የዕፅዋት ሊቅ በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ያሉትን ባይደንሶች አንድ በአንድ መርምረው በ1984 እ.ኤ.አ. ጥናታቸውን አሳትመዋል። ባይደንስ ማለት «ሁለት ጥርስ» ነው፤ በዘሩ ጫፍ ላይ ካሉት ሹሎች የመጣ ስም ነው። ሱሪያችሁ ላይ ተለጥፎ ቤት ድረስ የሚከተላችሁ የሰይጣን መርፌም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ዘመድ አይመረጥም።

አንዷን አደይ በመዳፋችሁ ያዙ። ሳትቀነጥሱ ነው ያልኩት፣ እዚያ ኋላ ያለኸው! ዳር ዳሩን የተደረደሩት ቢጫዎቹ ለዓይን ናቸው፣ ንብ ለመጥራት። ዘር የሚይዙት መሐል ላይ የታጨቁት ትንንሾቹ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበባ ናቸው። እነሱ ዘር ለመሆን ጊዜ ይፈልጋሉ። ጥቅምት አልፎ ቢጫው ሲረግፍ፣ ራሷ ሲጠቁር፣ ሰው «ደረቀች» ብሎ ፊቱን ሲያዞርባት፣ ያኔ ነው ሥራዋን የምትሠራው። በመስከረም የተነቀለች አደይ ዘር አልጣለችም። ነገሩ ይኸው ነው።

አምና ከመስቀል ማግስት እዚሁ ነበርኩ። ሙሽራ መጣች። ደስ አለኝ፣ ሙሽራ የማይወድ ማን አለ? አራት ሚዜዎች፣ አንድ ፎቶ አንሺ፣ ድሮን የያዘ ሌላ ልጅ። መንገዱን ትተው አደዩ መሐል ገቡ። ይሁን አልኩ። ፎቶ አንሺው ሚዜዎቹን «አበባውን ወደ ላይ በትኑላት» አላቸው። እቅፍ እቅፍ ነቅለው በተኑ። «አልወጣም፣ እንደገና» አላቸው። ደግሞ ነቀሉ። ንፋስ መጣ፣ እንደገና። ሙሽራዋ ዓይኗን ጨፈነች፣ እንደገና። ድሮኑ ከፍ አለ፣ እንደገና። እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እቆጥራለሁ። 11 ጊዜ። መምህር ነኝ፣ መቁጠር አይደክመኝም።

ተነስቼ ሄድኩ። በትሕትና ነው የሄድኩት፣ ሙሽራ ፊት አይቆጡም። «ልጄ፣ ዘሯ ገና አልበሰለም» አልኩት። ካሜራውን ከዓይኑ ሳያወርድ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ማዘር፣ አበባ እኮ ነው፣ ለከርሞ ይበቅላል።»

ሲሄዱ መንገዱ ላይ ቢጫ ክምር ቀረ። ጠውልጓል። ሥሩ ወደ ሰማይ ነው። አያቴ ትዝ አለችኝ።

ይኸው ከርሞ መጣ። ባለፈው ሳምንት ያን ቦታ ሄጄ አየሁት። ሣር አለ፣ ማገጥ አለ። አደይ ዳር ዳሩን ጥቂት ናት። በአንድ ሠርግ ብቻ ነው አልልም፤ እሱን ተከትሎ ስንቱ እንደገባበት አላየሁም። ግን የት አለ ያ «ለከርሞ ይበቅላል» ያለው ልጅ? አደይ ከሰማይ አትወርድም! ከርሞ የሚበቅለው ዘንድሮ የወደቀው ዘር ነው! ከነሥሩ ነቅለህ፣ አየር ላይ በትነህ፣ ፎቶውን ለጥፈህ፣ ከፎቶው ሥር «የሀገሬ ልምላሜ» ብለህ መጻፍ ምን የሚሉት ፍቅር ነው? ፍቅርስ ከሆነ ስለ ጥላቻ ማን ይንገረን?

(እናመሰግናለን። ልቀጥል።)

ጥበቃዎቹ የት ነበሩ የሚል አይጠፋም። ይህ ግቢ 705 ሄክታር ነው። በእያንዳንዱ አደይ ሥር ጥበቃ አይቆምም። ይታጠር የሚሉም አሉ። እኔ አልስማማም። አጥር ውስጥ ያለች አደይ አደይ አትመስለኝም። ልጆች መሐሏ ይሩጡ፣ ይውደቁ፣ ንብ ይሽሹ። ጥሉ ከመንቀል ጋር ነው።

መንገድ ዳር አደይ ከሣር ጋር አስረው የሚሸጡትን ልጆችም አልወቅስም። የበዓል ወጪያቸውን ከዚያ ነው የሚያወጡት፤ ያለ እነሱ ዋዜማው ዋዜማ አይመስልም። እነሱም ቢሆኑ በማጭድ ወይም በጥፍር ቢቀነጥሱ፣ ከአንድ ቦታ ሁሉንም ባይጨርሱ፣ ለከርሞም ሥራ ይኖራቸዋል። ከዚህ ግቢ ግን ለማንም አይለቀምም። እዚህ ያለው የዘር ቤት ነው።

አንድ ተማሪ ጧት «ተመራማሪዎችስ ይቆርጡ የለ?» ብሎ ጠይቆኛል። ጎበዝ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ይቆርጣሉ። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት በሙሉ የተመዘገቡበት ሥራ በ1980 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በ2009 ነው የተጠናቀቀው። 6,000 ገደማ ዝርያ ነው። ስንት ተራራ ተወጥቷል፣ ስንት ቅጠል በጋዜጣ መሐል ተጨምቋል። ይህን ማዕከል የመሩት ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከዋናዎቹ ደካሚዎች አንዱ ናቸው፤ ኪው የሚባለው የእንግሊዝ የዕፅዋት ማዕከል በ2016 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ሜዳሊያውን ሸልሟቸዋል። እነሱ አንድ ዘንግ ሲቆርጡ የት፣ መቼ፣ በስንት ሜትር ከፍታ ብለው ይጽፉበታል፤ መቶ ዓመት ይቀመጣል፤ ማንም መጥቶ ያየዋል። የሠርጉ እቅፍ ግማሽ ሰዓትም አልቆየ።

ስለ ባሕር ዛፍም እንድናገር ወረቀቱ ላይ ተጽፎልኛል። በአጭሩ፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ከተማዋ ማገዶ ስላጣች ነው። እናቴ እንጀራ የጋገረችው በቅጠሉ ነውና አልረግመውም። ግን ከሥሩ ብዙ ነገር አያስበቅልም፤ እዚህ በጽድ፣ በወይራ፣ በኮሶ መተካቱ ደግ ነው። አደይም ብርሃን ትወዳለች።

ለጎብኚዎች፤ ቦታው ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ይበርዳል፣ ሹራብ ያዙ። ያመጣችሁትን ፌስታል ይዛችሁ ተመለሱ። ድኩላ ካያችሁ ዝም በሉ።

የመጨረሻው፤ ኅዳር ሲገባ ከአትክልተኞቹ ጋር ተነጋግረን፣ እነሱ በሚያሳዩን ቦታ ብቻ፣ ጥቂት የአደይ ዘር እንለቅማለን። ደጃችሁ፣ ትምህርት ቤታችሁ፣ መንገድ ዳር የምትዘሩት ነው። ክረምቱ ሲመጣ ይበቅላል፤ ከራሳችሁ ደጅ የቀነጠሳችሁትን ማንም አይቆጣችሁም። ሙሽራም ካለች እዚያ ትበትን። የወረቀት ፖስታ ይዛችሁ ኑ። ፌስታል አይሆንም፣ ያልበዋል፣ ዘሩም ይሻግታል። ፖስታው ላይ ቀኑን ጻፉበት።

አሁን ወደ ላይ እንውጣ። ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለምና ቀስ በሉልኝ። መንገዱ ገና አልደረቀም። ጭቃውን ሽሽት ሣሩ ላይ እንዳትወጡብኝ፣ ማገጡ አለ። ጫማ ይታጠባል።