ሐይቁ ለምን ይጨሳል? የሱፒሪየር ዳርቻ በጥር ብርድ

[ምስል፦ ዱሉዝ፣ ሚኔሶታ፣ አሜሪካ። ጎህ እየቀደደ ነው። ከውኃው ላይ ነጭ ነገር እየተጥመለመለ ይነሳል።]

ይህ የምታዩት ጭስ ይመስላል። የሚቃጠል ነገር ግን የለም። ሱፒሪየር ሐይቅ ነው፣ በጥር ወር፣ ብርዱ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የደረሰ ቀን።

ውኃው ገና በረዶ አልያዘም። ሙቀቱ ከዜሮ ትንሽ ከፍ ይላል። ከላዩ ያለው አየር ግን በጣም ቀዝቃዛና ደረቅ ነው። ከውኃው የሚነሳው እንፋሎት ይህን አየር ሲያገኝ ወዲያው ጉም ይሆናል። የአገሩ ሰው «የባሕር ጭስ» ይለዋል። ፀሐይ ከሐይቁ ማዶ ብቅ ስትል ጉሙ መጀመሪያ ሮዝ፣ ቀጥሎ ወርቅማ ይሆናል። ደግነቱ በጥር ፀሐይዋ የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር ወደ ጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ነው። በሌሊት መነሳት አያስፈልግም።

በዚያ ሁሉ ብርድ ሐይቁ ለምን በረዶ አልሆነም? የዚህን ዳርቻ ውበት ለመረዳት ከዚህ ጥያቄ መጀመር አለብን።

[ምስል፦ የሐይቁ ካርታ]

ሱፒሪየር በስፋቱ ከዓለም ጨው አልባ ሐይቆች ሁሉ ይበልጣል። ወደ 82,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ጣናን ከ20 ጊዜ በላይ ይበልጠዋል። ጥልቀቱም 406 ሜትር ድረስ ይወርዳል። ይህ ሁሉ ውኃ ሞቃቱን ወራት ሙሉ ሙቀት ሲያጠራቅም ይቆያል፤ ያጠራቀመውን ደግሞ ቶሎ አይለቅም።

ጨው የሌለው ውኃ ከሁሉ በላይ የሚከብደው 4 ዲግሪ ላይ ነው። ብርዱ ሲጀምር የላይኛው ውኃ ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፣ ወደ ታች ይወርዳል። ከሥር ያለው ሞቅ ያለ ውኃ በፋንታው ይወጣል። እሱም ቀዝቅዞ ይወርዳል። ይህ መገለባበጥ ለሳምንታት ይቀጥላል። የሚኔሶታ ትንንሽ ሐይቆች በረዶ ለብሰው ሰው ሲሄድባቸው፣ ሱፒሪየር ገና ማዕበል ይመታል። በረዶው የሚበዛበት ወቅት ወደ የካቲት ማገባደጃ ነው። ያኔም ቢሆን ሙሉ በሙሉ የሚሸፈንበት ዓመት ብርቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ 95 በመቶው ተሸፍኖ ነበር።

እንግዲህ ውበቱ ከዚህ ይመጣል። አየሩ ከርሟል፣ ውኃው ገና አልተሸነፈም። ሁለቱ የሚገናኙት ዳርቻው ላይ ነው።

[ምስል፦ ድንጋያማ ዳርቻ። ሰማያዊ የበረዶ ክምር።]

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ይሄ ነው። ነፋስ በሌለበት ሌሊት የሐይቁ ፊት ላይ ስስ በረዶ ይዘረጋል። ውኃው ንጹሕ ስለሆነ በረዶውም ጥርት ያለ ነው። በነጋታው ከሐይቁ ነፋስ ሲነሳ ይህን ስስ በረዶ ወደ ዳር ይገፋዋል። ይሰነጠቃል፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተንሸራተተ ድንጋዩ ላይ ይወጣል። ድምፁ ልክ መስታወት ሲሰበር ነው፤ ለሰዓታት አያቋርጥም።

አንዱን ስባሪ ጠጋ ብላችሁ እዩት። ጠርዙ ቢላ የቆረጠው ያህል ቀጥ ያለ ነው። ውስጡ ትንንሽ የአየር አረፋዎች ተይዘዋል። ብቻውን ሲሆን ከጀርባው ያለው ጠጠር በግልጽ ይታያል። ክምሩ ሲወፍር ግን ሰማያዊ ይሆናል። ወፍራም በረዶ ቀዩን ብርሃን ይውጣል፤ ሰማያዊውን ያሳልፋል።

ማዕበሉም የራሱን ሥራ ይሠራል። ድንጋዩን ሲመታ የሚረጨው ውኃ የዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ሳይንጠባጠብ ይረጋል። ከጥቂት ቀን በኋላ ዛፉ በሙሉ በረዶ ለብሶ ይጎብጣል።

[ምስል፦ ስፕሊት ሮክ የመብራት ማማ]

ከዱሉዝ በሀይዌይ 61 ወደ ሰሜን ምሥራቅ ስትነዱ ጉዝቤሪ ፏፏቴን ታገኛላችሁ። ላዩ በረዶ ነው፤ ጆሮ ከሰጣችሁት ከሥር ውኃው ሲወርድ ይሰማል። ከዚያ አለፍ ብሎ ገደል ጫፍ ላይ ስፕሊት ሮክ ቆሟል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1905 የተነሳ አውሎ ነፋስ ብዙ መርከቦችን ስለጎዳ፣ ማማው ተሠርቶ በ1910 በራ። እስከ 1969 መርከበኞችን መርቷል።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። የሐይቁ በረዶ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ እየቀነሰ ነው። በደቡቡ ዳርቻ፣ በዊስኮንሲን በኩል፣ አፖስትል ደሴቶች አጠገብ የበረዶ ዋሻዎች አሉ። በ2014 ሕዝብ በበረዶው ላይ በእግሩ እየተጓዘ አይቷቸዋል። ይህ የሚሆነው በረዶው በደንብ ሲጠነክር ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለው ክረምት ደግሞ እየራቀ ነው።

ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ያላችሁ ወገኖቼ፣ ዱሉዝ በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ብዙዎቻችን ክረምቱን ቤት ዘግተን እናሳልፋለን፤ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያስቆጫል። ጫማችሁ ሥር የሚታሰር ባለ ጥርስ ብረት ያዙ፤ ድንጋዩ ያንሸራትታል። የሐይቁን በረዶ አትመኑት፤ ነፋስ ከዞረ ከዳር ነጥሎ ይዞት ይሄዳል። ከመነሳታችሁ በፊት የነፋሱን አቅጣጫ እዩ። ከምሥራቅ ወይም ከሰሜን ምሥራቅ ከሆነ ስባሪው ወደ ዱሉዝ እየተገፋ ነው፤ ያን ቀን ሂዱ።