እጄን ነው ያመመኝ

እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። የማወራው ስለ ቁርጥማት ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ የሚመጣውን የጉልበት ሕመም ማለቴ አይደለም፣ ሩማቶይድ አርትራይተስን ነው። የሰውነት መከላከያ የገዛ መገጣጠሚያውን የሚያጠቃበት በሽታ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው አክስቴ አለባት፤ ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ እስኪፍታቱ ድረስ ጀበና ማንሳት አትችልም።

የመከላከያ ሴሎች የሚላላኩት ሳይቶካይን በሚባሉ ፕሮቲኖች ነው። ባበጠ መገጣጠሚያ ውስጥ ደግሞ መዓት ናቸው፤ ቲኤንኤፍ አለ፣ ኢንተርሉኪን 1 አለ፣ ኢንተርሉኪን 6 አለ። ለዚህ ነው ብዙ ተመራማሪዎች አንዱን መዝጋት ከንቱ ድካም ይመስላቸው የነበረው፤ ሌላው ይተካዋላ! እውነቴን ነው፣ እኔም ብሆን በዚሁ ነበር የምከራከረው። በ1989 ግን ለንደን ውስጥ ፊዮኑላ ብሬናን፣ ማርክ ፌልድማን፣ ራቪንደር ማይኒና ባልደረቦቻቸው ከታማሚዎች መገጣጠሚያ የተወሰዱ ሴሎችን ላቦራቶሪ ውስጥ አቆይተው ቲኤንኤፍን ብቻ አገዱ። ኢንተርሉኪን 1ም አብሮ ወረደ። አለቃው ሲታሰር ጭፍራው ዝም አለ እንበል። በ1992 ቼሪንግ ክሮስ ሆስፒታል ውስጥ በታማሚዎች ላይ ሞከሩት፤ ቲኤንኤፍን የሚያግዱት መርፌዎች፣ እነ ኢንፍሊክሲማብ፣ እነ አዳሊሙማብ፣ የመጡት በዚያ መንገድ ነው።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላው ጎኑ ነው። ሳንባ ውስጥ የቲቢን ባክቴሪያ ከብበው የሚይዙት ሴሎች እንዳይበተኑ የሚያደርገውም ይኸው ቲኤንኤፍ ነው። ስንቶቻችን ነን ሳናውቀው የተኛ ቲቢ ይዘን የምንዞረው! በ2001 የወጣ ጥናት ኢንፍሊክሲማብ ከጀመሩ በኋላ ቲቢ የታየባቸውን 70 ሰዎች ዘገበ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ላይ የታየው ከሳንባ ውጭ ነበር።

አክስቴ መርፌውን ሳትጀምር ሐኪሟ የደረት ራጅና የደም ምርመራ ሲያዝ ተቆጣች። «እጄን ነው ያመመኝ፤ ደረቴ ምን አደረገ?» እኔ ደግሞ በስልክ ማስረዳት። የደም ምርመራው ራሱ የሚለካው ሳይቶካይን መሆኑን ስነግራትማ ሳቀች። ኢንተርፌሮን ጋማ ይባላል፤ ቲቢን የሚያውቁ ሴሎች የባክቴሪያውን ፕሮቲን ሲያገኙ ይለቁታል። በልጅነት የተከተብነው የቲቢ ክትባት፣ ቢሲጂ፣ በቆዳ የሚደረገውን የቲቢ ምርመራ ሊያሳስት ይችላል፣ ይሄኛውን ግን አያሳስትም። ውጤቱ ቲቢው እንዳለ አሳየ። መጀመሪያ ሪፋምፒሲን የሚባለው የቲቢ መድኃኒት ታዘዘላት፤ መርፌው ይቆያል ተባለ። ለጊዜው የቁርጥማት ክኒኗን፣ ሜቶትሬክሴቷን፣ እየዋጠች ትጠብቃለች። እጇ አሁንም ያማታል፤ ሐኪሙንም ገና ይቅር አላለችውም።