ረጅም፣ አጭር፣ ፓርኪንግ፦ የመኪና መብራት መቼ የቱ ይበራል?

(ምስል፦ ከመኪና ውስጥ የተቀረጸ። ጉም። መንገዱ በጭንቅ ይታያል።)

ይሄ ጣርማ በር ነው። ሰዓቱ ከቀኑ 9 ሰዓት። ሌሊት አይደለም፣ ልብ በሉ። ክረምት ላይ ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የነዳ ሰው ይሄን ነጭ ነገር በደንብ ያውቀዋል። ቦታው ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ ጉሙ ከገደሉ ስር ድንገት ይወጣና መንገዱን ይውጠዋል።

አሁን ከፊት የሚመጣውን አይሱዙ እዩት። ረጅም መብራቱን ለቆታል።

ሾፌሩ ምን እንዳሰበ ይገባኛል። አልታይህ አለው፣ መብራት ጨመረ። ግን ጉም ማለት አየር ላይ የተንሳፈፈ ደቃቅ የውሃ ነጠብጣብ ነው። ረጅሙ መብራት እዚያ ላይ ያርፍና ተመልሶ የራሱ የሾፌሩ ዓይን ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ ብርሃን በጨመረ ቁጥር ከፊቱ ያለው ነጭ ግድግዳ እየወፈረ ነው የሚሄደው። ጉም ውስጥ አጭር መብራት ነው የሚበራው። ወደ አስፋልቱ ዘንበል ስለሚል ቢያንስ የቅርቡን ያሳያል። መኪናችሁ የጉም መብራት ካላት እሱንም አብሩት። ታች ባምፐሩ ላይ የተቀመጠው ለጌጥ አይደለም፣ የመንገዱን ጠርዝ ከስር እንዲያሳይ ነው። ከኋላ ያለው ቀዩ የጉም መብራት ግን ጉሙ እንደተገፈፈ ይጥፋ፣ ከኋላ የሚከተልን ሰው ዓይን ይወጋል።

የጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ስትገቡም እንዲሁ፣ ቀን ቢሆንም አጭር መብራት። የፀሐይ መነጽራችሁንም አውልቁ እንጂ!

አዳዲስ መኪና የያዛችሁ፣ ይሄ ለእናንተ ነው። «የኔ እኮ አውቶ ነው፣ ራሱ ያበራል» የሚል ሰው ብዙ ነው። አውቶው የሚለካው ብርሃን ነው፣ ጉም አይለካም። ቀን ላይ ያለ ጉም ደግሞ ነጭና ብሩህ ነው። መኪናዋ «ቀን ነው» ብላ ዝም ትላለች። ዝናብም ላይ እንደዚያው ሊሆን ይችላል። ሌላው ጉድ፣ ቀን ቀን ከፊት የምትበራዋ ያቺ ቆንጆ ነጭ መስመር ናት። ብዙ መኪና ላይ እሷ ስትበራ ከኋላ ምንም አይበራም! ዳሽቦርዱም ሁሌ ስለሚበራ ሾፌሩ መብራት ያበራ ይመስለዋል፣ ከኋላው ለሚመጣው ሲኖትራክ ግን የለም። ስለዚህ ማብሪያውን በእጃችሁ አዙሩት፣ አውቶውን አትመኑ።

(ምስል፦ አዲስ አበባ፣ የምሽት ትራፊክ።)

ወደ ከተማ እንምጣ። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ከ50 ባለው መሀል ነው። ከዚያ ጨለማ ለመሆን ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። በዚያች ሰዓት ነው ብዙ ሾፌር በትንሿ የፓርኪንግ መብራት የሚነዳው። አንዳንዱ እሷንም አያበራም። ለምን ብትሉት «ይታየኛል እኮ!»

ላንተ ሊታይህ ይችላል። ጥያቄው አንተ ትታያለህ ወይ ነው። ግራጫ ቪትዝ በግራጫ አስፋልት ላይ ሲመጣ፣ መንገድ የሚያቋርጥ ሰው አሁን አስፋልቱን እንጂ መኪናውን አያይም። አመሻሽ ላይ መብራት የሚበራው ለማየት ሳይሆን ለመታየት ነው። ፓርኪንግ መብራት ደግሞ ስሙ እንደሚለው ለቆመ መኪና ነው።

«ባትሪ ይጨርሳል» የሚለውን ደግሞ ተዉት። ሞተር እየሠራ ከሆነ ዲናሞው እየሞላው ነው፤ የተለመደው ኤች 4 አምፖል በአጭር መብራት 55 ዋት ነው፣ ሁለቱ ተደምረው 110 ዋት። በኤሌክትሪክ መኪናም ቢሆን ሞተሩ ከሚበላው ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ባትሪ የሚጨርሰው ሞተር ጠፍቶ የተረሳ መብራት ነው።

(ምስል፦ የገጠር መንገድ፣ ድቅድቅ ጨለማ።)

አሁን ከከተማ ወጥተናል፣ የመንገድ መብራት የለም። ረጅም መብራት እዚህ ነው ቦታው። ፊት ለፊት ሰው ከሌለ ልቀቁት፣ ማንም አይቆጣችሁም። ግን አንድ ሂሳብ አብረን እንሥራ። አጭር መብራት በደንብ የሚያሳየው ከ40 እስከ 60 ሜትር ቢሆን ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይጓዛል። አይታችሁ፣ ገብቷችሁ፣ እግራችሁ ፍሬን ላይ እስኪያርፍ አንድ ሰከንድ ተኩል ብንል 33 ሜትር ሄደ። በደረቅ አስፋልት ለመቆም ደግሞ ሌላ 35 ሜትር ገደማ። 70 ሜትር ሊሞላ ነው። በአጭር መብራት 80 የሚነዳ ሰው እንግዲህ ያየው ነገር ጋ ሳይደርስ መቆም አይችልም። ዝናብ ካለ ደግሞ ይብሳል። ያ «ነገር» እኛ ሀገር ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፦ ላም፣ ጋሪ፣ ጥቁር ፎጣ የተከናነበ ሰው፣ ወይም ተበላሽቶ የቆመ የጭነት መኪና፣ ከኋላው ድንጋይና ቅጠል ብቻ የተደረደረለት። መብራታችሁ አጭር ከሆነ ፍጥነታችሁም ይቀንስ፣ በቃ።

ከፊት መኪና ሲመጣ ረጅሙ ወዲያው ይወርዳል። ኩርባና ዳገት ላይ መኪናውን ሳታዩ በፊት ብርሃኑ ቀድሞ ይታያል፣ ያኔ ነው ማውረድ። ከሰው ኋላ ስትነዱም አውርዱ፣ ስፖኪዮው ውስጥ ገብቶ ያሳውረዋል። የሚቀድማችሁ ሰው ካለ ደግሞ ልክ እንዳለፋችሁ አውርዱለት።

እና ያኛው ባያወርድስ? እዚህ ጋ ነው ነገር የሚበላሸው። አንዴ ብልጭ አድርጎ ማስታወስ ይቻላል። ከዚያ በኋላ «ለቀቀብኝ፣ ልልቀቅበት» የሚባለው እልህ ይመጣል፣ በጠባብ መንገድ ሁለት የታወሩ ሾፌሮች ፊት ለፊት እየተገናኙ ማለት ነው። ምን ያተርፋል? ፍጥነት ቀንሱ፣ መብራቱን አትዩት፣ ዓይናችሁን ወደ ቀኝ ጠርዝ አድርጉና ነጩን መስመር ተከተሉ። ካለፈ በኋላም ዓይን ለጥቂት ሰከንድ አይመለስም፣ ስለዚህ መኪናው እንዳለፈ ነዳጅ አትርገጡ። ብልጭታ ደግሞ ቋንቋው ብዙ ነው፤ አንዱ ሾፌር «እለፍ» ሲልበት ሌላው «እየመጣሁ ነው» ይልበታል፣ አንዳንዱ «ትራፊክ አለ» ይልበታል። ብልጭታ አይታችሁ ብቻ አትግቡ።

አንድ መብራት የጠፋበት መኪናም አለ። ከሩቅ ሞተር ሳይክል ይመስላል፣ ሲቀርብ የጭነት መኪና ነው። ነጠላ መብራት ካያችሁ ቦታ ስጡት።

(ምስል፦ ግድግዳ ፊት የቆመ መኪና።)

አንዳንዴ ደግሞ ሰውየው አጭር አብርቶም ያሳውራችኋል። ከምክንያቶቹ አንዱ ርካሽ ኤልኢዲ አምፖል ነው። ለመደበኛው አምፖል የተሠራ መብራት ውስጥ ሲገባ ብርሃኑ የሚነሳበት ቦታ ይዛነፍና በየአቅጣጫው ይረጫል። ሌላው ጭነት ነው። ኋላው ሲጫን አፍንጫው ይነሳል፣ መብራቱም ወደ ላይ። ብዙ መኪና ላይ ከመሪው አጠገብ 0፣ 1፣ 2፣ 3 የተጻፈባት ትንሽ ማዞሪያ አለች። አብዛኛው ሰው ነክቷት አያውቅም። ቁጥሩ ሲጨምር መብራቱ ይወርዳል፤ ሻንጣና ሰው ከሞላ ጨምሩት፣ ሲራገፍ 0 ላይ መልሱት።

የራሳችሁን ለማየት ግድግዳ በቂ ነው። ሜዳ ቦታ ላይ 5 ሜትር ርቃችሁ ቁሙ፣ አጭሩን አብሩ። የብርሃኑ የላይኛ መስመር ከአምፖሉ ቁመት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት። በግራ በኩል ቀጥ ያለ፣ በቀኝ በኩል ትንሽ ወደ ላይ የወጣ ይሆናል፣ እግረኛውንና ጠርዙን እንዲያሳይ። የሚወጣው በግራ ከሆነ ግን መብራቱ በግራ ለሚነዳበት ሀገር የተሠራ ነው፤ መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መኪና ላይ ሊያጋጥም ይችላል። ይሄ በቡሎን አይስተካከልም፣ መብራቱ ራሱ ይቀየራል። ከፍታው ብቻ ከሆነ ችግሩ፣ ከመብራቱ ኋላ ያለችውን ቡሎን በካቻቢቴ ማዞር ነው፤ ካልለመዳችሁት ጋራዥ ውሰዱት። የመብራቱ ሽፋን ቢጫ ሆኖ ከደፈረሰም አስወልውሉት። በጥርስ ሳሙና ማሸትም ይሠራል፣ ግን ብዙ አይቆይም።