ቀን የተቆረጠለት ወንበር

ክቡራን የከተማችን አባቶችና እናቶች፣ የዕድርና የሰበካ ጉባኤ ተመራጮች፣ መምህራን፣ የሕግ ባለሙያዎችና ተማሪዎች፤ እንደምን ዋላችሁ?

እንድናገርበት የተሰጠኝ ጥያቄ «የተመራጮች የሥልጣን ዘመን በሕግ ቢገደብ የመንግሥት ሙስና ይቀንሳል ወይ?» የሚል ነው። መልሴን እስከ መጨረሻው ደብቄ ላጓጓችሁ አልፈልግም። የዘመን ገደብ ብቻውን ሙስናን አይቀንስም፤ አንዳንድ ጊዜ እንዲያውም ያባብሰዋል፤ ይህን እያልሁም ገደቡ እንዲኖር ከሚሟገቱት ወገን ነኝ። ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚሄዱ ማስረዳት የዛሬው ሥራዬ ነው። የፖለቲካ ሰው አይደለሁም፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ሂሳብ ስመረምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ስለሆንሁ ነገሩን የማየው በሰነድና በመጋዘን በኩል ነው፤ አስተያየቴ ጠበብ ቢልባችሁ ከዚያ የመጣ ነውና ይቅር በሉኝ።

አበው ይህን ጉዳይ ከእኛ በፊት አስበውበታል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት የማያውቅ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው ሌባን ለማሽሟጠጥ ነው፤ ቀስ ብለን ካዳመጥነው ግን ስለ ወንበሩ ጠባይ ይናገራል። ሹመቱ አንድ ቀን እንደሚያልቅ የሚያውቅ፣ ከሹመቱ በኋላም የሚጠይቀው እንደሌለ የተረዳ ሰው የቀረችውን ጊዜ በምን እንደሚያውላት ይነግረናል።

የጥንቱ ሹም ሽር የቆመው በዚህ ስሌት ላይ ነበር። ሹሙ በአንድ አገር ሥር ሰድዶ፣ ጉልበት አብጅቶ እንዳይሸፍት ንጉሡ በየጊዜው ያነሣዋል፣ ያዛውረዋል። ይህ ለንጉሡ ደኅንነት ጠቅሞ ይሆናል። ደመወዝ ባልነበረበት በዚያ ዘመን ሹሙ የሚኖረው ከተሾመበት አገር በሚያገኘው ግብርና መስተንግዶ ስለነበር፣ ለባላገሩ አዲስ ሹም መጣ ማለት ገና ያልጠገበ ሰው መጣ ማለት ነው። የጠገበው ሹም ባይነሣብኝ ብሎ የተሳለ ገበሬ እንደነበረ መገመት አያስቸግርም።

ጎንደር ደግሞ በዚህ ረገድ ከማንም የበለጠ ትምህርት ያላት ከተማ ናት። ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ቀዳማዊ እ.ኤ.አ. ከ1779 እስከ 1800 ባሉት ዓመታት ውስጥ ስድስት ጊዜ ነግሠዋል፤ ስድስት ጊዜ መንገሣቸው ስንት ጊዜ መውረዳቸውን ይናገራል፤ «ፍጻሜ መንግሥት» የሚል ቅጽል የተሰጣቸውም ያለ ነገር አይደለም። ከፋሲል ግቢ ግንብ ውስጥ ዙፋኑ ላይ የሚቀመጠው ሰው እንዲህ ሲለዋወጥ፣ ጦሩንና ግብሩን በእጃቸው የያዙት የየጁ ራሶች ነበሩ፤ ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1853 ራስ ዐሊን አይሻል ላይ ድል እስኪያደርጉ ድረስም ነገሩ በዚሁ ቀጠለ። የሰው መለዋወጥ ብቻውን መድኃኒት ቢሆን ኖሮ ዘመነ መሳፍንትን የበጎ አስተዳደር ዘመን እያልን በጠራነው ነበር።

የዘመን ገደብ ከውጭ የመጣ ሐሳብ ነው የሚል ሰው ካለ የኦሮሞን የገዳ ሥርዓት ይመልከት። አባ ገዳው ስምንት ዓመቱን ሲፈጽም ለተረኛው ያስረክባል። እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ግን ሌላው ወገኑ ነው፤ ስምንት ዓመቱ ሳይሞላ ያጠፋ መሪ «ቡቂሱ» በሚባለው ደንብ ሊነሣ ይችላል። ገደቡና ተጠያቂነቱ አንድ ላይ ታስበዋል።

አሁን ወደምንተዳደርበት ሕግ ልምጣ። በ1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 70 የሪፐብሊኩ ፕሬዚዳንት የሥራ ዘመን ስድስት ዓመት እንዲሆንና አንድ ሰው ከሁለት ጊዜ በላይ ለፕሬዚዳንትነት እንዳይመረጥ ይደነግጋል። አንቀጽ 72 ደግሞ የጠቅላይ ሚኒስትሩ የሥራ ዘመን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሥራ ዘመን ነው ብሎ ያልፋል፤ ስለዚህ ምክር ቤቱ በየአምስት ዓመቱ በተመረጠ ቁጥር ያው ሰው ሊቀጥል ይችላል። የጦር ኃይሉን የሚያዝዘው፣ ሚኒስትሮችን ለሹመት የሚያቀርበው፣ በጀቱን የሚመራው ወንበር ገደብ የለውም፤ የአምባሳደሮችን የሹመት ደብዳቤ የሚቀበለው ወንበር ግን በገደብ ተቆልፏል። አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ካዝናው ክፍት ሆኖ የእንግዳ መቀበያው ቁልፍ ተደርጎበት ባገኝ ሪፖርቴ ላይ ምን ብዬ እንደምጽፍ አውቃለሁ። ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ሁለት ዘመናቸውን ጨርሰው በ2006 ዓ.ም. ወጥተዋል፤ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ሕይወታቸው እስኪያልፍ በወንበራቸው ቆይተዋል። በ2010 ዓ.ም. የጠቅላይ ሚኒስትሩም ዘመን እንዲገደብ ከራሳቸው ከአዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር አንደበት ሰምተን ነበር፤ አንቀጹ ግን እንደተጻፈ ነው።

ታዲያ ገደቡ ይጠቅማል የምለው ለምንድን ነው? ፋይል ያስከፍታል። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው በተቀመጠበት ሳለ የሱን ሰነድ ደፍሮ የሚጎትት መርማሪ ጥቂት ነው፤ ይህን ከሰው ሰምቼ አይደለም የምነግራችሁ። ኬንያን ብንወስድ፣ ፕሬዚዳንት ዳንኤል አራፕ ሞይ 24 ዓመት ገዝተው እ.ኤ.አ. በ2002 ሕገ መንግሥታዊው ገደብ ሲደርስባቸው ወጡ፤ በማግሥቱ ዓመት «ጎልደንበርግ» የተባለውን ቅሌት፣ ማለትም ያልተላከ ወርቅ ወደ ውጭ እንደተላከ ተደርጎ ከመንግሥት ካዝና የማበረታቻ ገንዘብ የወጣበትን ጉዳይ የሚያጣራ ኮሚሽን ተቋቋመ። ሞይ በሥልጣን ላይ ቢሆኑ ያ ኮሚሽን ይቋቋም ነበር የሚል ሰው ቢኖር አልከራከረውም፤ ዝም ብዬ አየዋለሁ። ይሁንና ያንን ፋይል የከፈተው አዲሱ መንግሥት ራሱ ብዙም ሳይቆይ «አንግሎ ሊዚንግ» በተባለው የፓስፖርት መሣሪያ ግዥ ቅሌት ስሙ ተነሣ። ገደቡ ያለፈውን አስጠየቀ፤ የሚመጣውን አልከለከለም።

ሜክሲኮ ከዚህ የበለጠ ርቃ ሄዳለች። ፕሬዚዳንቱ አንድ ጊዜ ብቻ ለስድስት ዓመት ይመረጣል፣ ተመልሶ አይመጣም፤ እ.ኤ.አ. ከ1933 ጀምሮ የምክር ቤት አባላትም በተከታታይ እንዳይመረጡ ተከልክለው ኖረዋል። ሰው በሰው እየተተካ ግን አንድ ፓርቲ ከ1929 እስከ 2000 ድረስ ገዛ፤ የሜክሲኮ ሙስናም ለዓለም ምሳሌ እስከመሆን ደረሰ። ተመራጩ የሚቀጥለውን ወንበር የሚያገኘው ከፓርቲው አለቃ እንጂ ከመረጠው ሕዝብ ስላልሆነ ዓይኑ ወዴት እንደሚያይ ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በተደረገ ማሻሻያ የምክር ቤት አባላት በተከታታይ እንዲመረጡ ተፈቅዶ ነበር፤ በ2025 ግን ክልከላው ከ2030 ጀምሮ እንዲመለስ ተደንግጓል።

ከሁሉም በላይ ልቤን የያዘው የብራዚል ነገር ነው፤ ሙያዬ ስለሆነ ትንሽ ብዘገይበት ታገሡኝ። በብራዚል አንድ ከንቲባ በተከታታይ ከሁለት ዘመን በላይ አያገለግልም። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥት ገንዘብ የሚልክላቸውን የከተማ አስተዳደሮች በሎተሪ ዕጣ እያወጣ ማስመርመር ጀመረ። ዕጣው በአደባባይ ይወጣ ነበር፤ የወጣበት ከተማ ኦዲተሮች ይወርዱበት ነበር፤ ግኝቱም ለሕዝብ ይገለጽ ነበር። ማን እንደሚመረመር ማንም አስቀድሞ ስለማያውቅ ሰነድ ለማስተካከል ጊዜ አይገኝም ነበር፤ ኦዲተሩንም «ለምን እኔን?» ብሎ በቂም የሚከስሰው አይኖርም ነበር። ከነዚህ ምርመራዎች በተሰበሰበው መረጃ ላይ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው፣ እንደገና መመረጥ የሚችሉት ከንቲባዎች የመመረጥ ዕድላቸው ካለቀው ከንቲባዎች በ27 በመቶ ያነሰ የሕዝብ ገንዘብ መዝብረው ተገኝተዋል። አባቶቻችን በአንድ መስመር ተረት ያስቀመጡት ነገር እዚያ በቁጥር ወጣ። በኋላ የተደረገ ሌላ ጥናትም ቀደም ሲል ዕጣ ወጥቶባቸው የተመረመሩ ከተሞች ላይ ተከትሎ የታየው ሙስና በ8 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። 8 በመቶ ብዙ አይደለም፤ ነገር ግን በሥራ ዘመኔ በስብሰባና በመፈክር ሲቀንስ ያየሁት በመቶ ዜሮ ስለሆነ አልንቀውም።

ሌላው የማነሣው ነገር ገንዘቡ የሚያልፍባቸው እጆች ናቸው። አንድ ግዥ ከጠያቂው ክፍል ይነሣል፣ በግዥ ኮሚቴው ያልፋል፣ ዕቃው ሲገባ ንብረት ክፍሉ ሞዴል 19 የተባለውን የንብረት ገቢ ደረሰኝ ይቆርጣል፣ ሂሳብ ሹሙ ይከፍላል፣ ኃላፊው ይፈርማል። ከነዚህ ሁሉ ውስጥ ሕዝብ የመረጠው ወይም የፖለቲካ ሹመት ያለው ቢበዛ አንዱ ነው። ስሙን በማልጠራው መሥሪያ ቤት ስምንት መቶ ኩንታል ሲሚንቶ ገቢ ሆኗል የሚል ሞዴል 19 በደንቡ ተቆርጦ፣ በሞዴል 22፣ ማለትም በንብረት ወጪ ደረሰኝም ወጪ ተደርጎ አገኘን። ሰነዱ እንከን አልነበረውም። የሥራ ባልደረባዬ ጠርጥሮ የመጋዘኑን ወለል በሜትር ለካው፤ እስከ ጣሪያ ቢደረደር እንኳ ያን ያህል ከረጢት የሚይዝ ቤት አልነበረም። የፈረሙት ኃላፊ ከተነሡ አራት ወር አልፏቸዋል፤ ወደ ሌላ ቢሮ ተዛውረው ተሹመዋል። ንብረት ክፍሉም፣ ሂሳብ ሹሙም፣ የኮሚቴው ጸሐፊም በየጠረጴዛቸው ነበሩ፤ ሻይ የጋበዙንም እነሱ ናቸው።

ከዚህ ሁለት ነገር ተረዳሁ። አንደኛው፣ ገደቡ የወንበሩ ብቻ ከሆነና ሰውየው ከወንበር ወደ ወንበር የሚዘዋወር ከሆነ፣ ገደብ የምንለው የመቀመጫ ቅያሬ ነው። ፊሊፒንስ እ.ኤ.አ. በ1987ቱ ሕገ መንግሥቷ የተመራጮችን ዘመን ገድባ ሳለ ባል ሲወጣ ሚስት፣ አባት ሲወጣ ልጅ እየተተካ ወንበሩ በቤተሰብ ይዞታ እንደቀረ ልብ ይሏል። ሁለተኛው፣ አለቃው ቶሎ ቶሎ በተለዋወጠ ቁጥር የቢሮውን ጓዳ የሚያውቀው የማይለዋወጠው ሰው ይሆናል። አሜሪካ ውስጥ ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1990 የክልሉን ምክር ቤት አባላት ዘመን አጥብቃ ከገደበች በኋላ ሕጉን የሚያውቁት ሠራተኞቹና ጉዳይ አስፈጻሚዎቹ ሆኑ የሚል ቅሬታ በዛ፤ በ2012 ገደቡን በድምሩ ወደ 12 ዓመት አስተካክላዋለች። ስለዚህ የሁለት ዘመን፣ የዐሥር ዓመት ገደብ ይበቃል እላለሁ እንጂ ሰው ሥራውን ሳይለምድ ይነሣ አልልም።

አሁን ወደ ዋናው ሐሳቤ ልድረስ። በአገራችን አንድ የመጋዘን ዘበኛ ሥራ ሲለቅ ካፖርቱን፣ ባትሪውንና ዱላውን አስረክቦ ክሊራንስ ካልያዘ የመጨረሻ ደመወዙን አያገኝም። ሾፌሩ ክሪኩንና ትርፍ ጎማውን ያስረክባል። ንብረት ክፍሉ ቆጠራ ሳይደረግበት አይሰናበትም። በሚሊዮንና በመቶ ሚሊዮን ብር ሲያዝዝ የኖረው ተመራጭ ግን ሲነሣ የሚደረግለት የሽኝት ምሳ ነው። የወንበር ርክክብ እንደ ሥነ ሥርዓት እንጂ እንደ ሂሳብ አይቆጠርም። የሀብት ማሳወቅና ማስመዝገብ ዐዋጅ በ2002 ዓ.ም. መውጣቱን አልዘነጋሁም፤ ይሁን እንጂ እሱ የሚመዘግበው የሰውየውን ኪስ ነው፤ እኔ የምጠይቀው ደግሞ የመጋዘኑን ነገር ነው። ያልተወራረደ ተሰብሳቢ ሂሳብ፣ ማለትም ከሌሎች ሊሰበሰብ ሲገባ የቀረ ገንዘብ ስንት ነው? ተጀምሮ የቆመ ሕንፃ የቱ ነው፣ ምን ያህልስ ተከፍሎበታል? ያለ ጨረታ የተሰጠ መሬትና ግዥ ማን ወሰደው?

የዘመን ገደብ ጥቅሙ እዚህ ላይ ይመጣል። ሹሙ በድንገት ሲነሣ፣ ወይም መቼ እንደሚነሣ ሳይታወቅ ሲቀር፣ ርክክቡን አስቀድሞ ማዘጋጀት አይቻልም። ቀኑ በሕግ የተቆረጠ ከሆነ ግን ኦዲተሩ ከስድስት ወር በፊት ሥራውን ይጀምራል፤ ግኝቱ ከመሰናበቻው ቀን በፊት ለምክር ቤቱ ይቀርባል፤ ሳይጣራ ሌላ ሹመት የሚባል ነገር አይኖርም። የመጨረሻው ዘመን የመብያ ዘመን የሚሆነው ከኋላው ምርመራ ስለሌለ ነው።

በእኛ ዕድር ይህን እናደርገዋለን። አንድ ሊቀመንበር «ማን ይተካቸዋል» እየተባለ ዐሥራ አንድ ዓመት ቆይተው ሲወርዱ፣ ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ድስቱና ሳህኑ በአባላት ፊት ሲቆጠር ሠላሳ ሳህን ጎደለ። ሰውየው ሌባ አልነበሩም፤ ሳህን በየለቅሶው ይሰበራል። ቢሆንም ከኪሳቸው ተኩ፤ ከዚያ ወዲህ ቆጠራው በየሁለት ዓመቱ በምርጫው ዕለት ሆኗል፤ እስካሁን ከሦስት ሳህን በላይ ጎድሎ አያውቅም።

ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል ቀላል አይደለም። በአንቀጽ 105 መሠረት የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ከክልሎችም ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛው በአብላጫ ድምፅ ሊስማሙበት ይገባል። ይህን ወጣቶቹ የሕግ ባለሙያዎች ይግፉበት። ርክክቡን በተመለከተ ግን ማንንም መጠበቅ አያስፈልግም፤ ከዕድር፣ ከሰበካ ጉባኤ፣ ከኅብረት ሥራ ማኅበርና ከትምህርት ቤት ወላጆች ኮሚቴ መጀመር ይቻላል። ሦስት ገጽ ያለው የርክክብ ቅጽ አዘጋጅቼ በመውጫው በር አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫለሁ፤ የመጀመሪያው ገጽ ጥሬ ገንዘብና ባንክ፣ ሁለተኛው ንብረት፣ ሦስተኛው ተሰብሳቢና ተከፋይ ነው። ስትወጡ አንዳንድ ውሰዱ፤ ሲሞላ አስረካቢና ተረካቢ ብቻ ሳይሆኑ ሦስት ምስክሮችም እንዲፈርሙበት ቦታ ትቻለሁ።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።